ሥራውም ልጆቹም አንድ ቤት ሲሆኑ፦ ከቤት የድረ ገጽ ዲዛይን ለሚሠሩ ወላጆች

ከቤት ሆነው ድረ ገጽ እየሠሩ መተዳደር የሚፈልጉ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከላፕቶፕ፣ ከድርጅት ስምና ከሎጎ ነው። ደንበኛ ይመጣል፤ ዋጋ በግምት ይነገራል፤ ማስረከቢያ ቀን ይቆረጣል። ከዚያ ልጅ ያተኩሰዋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጎረቤት ለቅሶ ይሆናል፤ የተቆረጠው ቀን ያልፋል። ደንበኛው ይከፋል፤ ማካካሻው ሌሊት ይሆናል፤ ቤተሰቡም ያኮርፋል። ይህ የሚሆነው ሰው ሰንፎ አይደለም። ቀኑም ዋጋውም ሲነገር ቤቱ በሳምንት ስንት የሥራ ሰዓት እንደሚሰጥ ቀድሞ አልተቆጠረም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሰዓት ይጀምራል። ዋጋው፣ የደንበኞች ቁጥር፣ ውሉ ላይ የሚገባው ቃል ሁሉ ከዚያ ቁጥር ይወጣል። የምጽፈው በተለይ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ተቀምጠው ለአገር ውስጥና በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደንበኞች ለሚሠሩ እናቶችና አባቶች ነው።

መጀመሪያ ሰዓትዎን ይቁጠሩ

ከሰኞ እስከ እሑድ ማስታወሻ ይያዙ። ቀኑ እንዴት እንደዋለ ሳያሳምሩ ይጻፉ፦ «3፡00 ለደንበኛ ኢሜይል፤ 3፡20 ቆጣሪ አንባቢ መጣ፤ 3፡40 ዲዛይን፤ 4፡30 ከትምህርት ቤት ተደወለ።» ልጆች በሰርቪስ ከሄዱበት እስከሚመለሱበት ያለው ጊዜ በሐሳብ ሲታይ 7 ሰዓት ይሞላል። ገበያው፣ ምሳው፣ ባንኩ፣ ስልኩና የመብራት መቆራረጡ ሲቀነስ ግን በብዙ ቤት የሚተርፈው 4 ወይም 5 ነው። መሥሪያው ይኸው የተረፈው ነው።

ቤት ውስጥ ለትምህርት ያልደረሰ ሕፃን ካለና የሚይዝልዎት ሰው ከሌለ፣ የሕፃኑን የእንቅልፍ ሰዓት የሥራ ሰዓት ብለው አይቁጠሩት። ለኢሜይል መመለሻ ይበቃል፤ ለዲዛይን ግን አይሆንም። ዲዛይን ቢያንስ ያልተቆራረጠ 2 ሰዓት ይፈልጋል፤ ሕፃን ደግሞ መቼ እንደሚነቃ አይናገርም።

ከተገኘው ሰዓት ላይ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ቀንሰው ባዶ ይተዉት። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከዕድር የቀረ ይቀጣል፤ የታመመ ዘመድ ሳይጠየቅ አይታለፍም። «ሥራ አለብኝ ብለው ይቅሩ» የሚሉ ምክሮች የእኛን ኑሮ አያውቁትም፤ ደግሞም መቅረት የለብንም፤ ነገ ልጃችንን የሚይዝልን ያው ጎረቤት ነው። ባዶው ግማሽ ቀን ምንም ካልመጣበት ለደረሰኝ፣ ለሂሳብና አዲስ ነገር ለመማር ይውላል። በእኔ ግምት ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ቢወስድ ይሻለዋል።

ዓመቱንም እንዲሁ ይዩት። መስከረም የዩኒፎርምና የደብተር ወር ነው። ጥር ሠርግ ነው። ሰሞነ ሕማማት ጾሙም ስግደቱም የበዓል ዝግጅቱም አንድ ላይ ይመጣል። ሰኔ የልጆች ፈተና ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ፣ የሚጾም ቤተሰብ ቀኑን በየዓመቱ እንደገና ማየት አለበት። ትልቅ ሥራ ለማስረከብ ከሁሉም ጥሩ የሚባሉት ወራት ጥቅምትና ኅዳር ናቸው፤ ልጆች ትምህርቱን ለምደውታል፣ ዝናቡም ቆሟል።

ከዚያ ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩ

ቤት የሚውል ሰው ሥራ የለውም የሚለው አስተያየት ከክፋት አይመጣም። ቢሮ ሄዶ የሚመለስን ሰው ብቻ ሠራተኛ ብሎ ካደገ ቤተሰብ የሚመጣ ነው። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ይብሳል፤ «ቤት ነሽ አይደል?» የሚለው ስልክ ከእናትም ከአማትም ከጎረቤትም ይደወላል። በቁጣ መመለስ ዝምድና ያበላሻል። የተጻፈ ሰዓት ግን ሁሉም ሰው ይለምደዋል።

ከባለቤትዎ ጋር ሲቀመጡ «አግዘኝ» ወይም «ተረጂኝ» ማለት አይበቃም። ስምና ሰዓት ይኑረው። ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን ከሰርቪስ የሚቀበለው ማን ነው? ልጅ ሲታመም የመጀመሪያውን ቀን ከሥራ የሚቀረው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ ለበዓል አገሯ ስትሄድ በዚያ ሳምንት ምን ይደረጋል? መልሱ በአንድ ወረቀት ይጻፍና ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። የስምምነቱን ያህል ወረቀቱም ይጠቅማል፤ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ማስረዳት ሳያስፈልግ ያያዋል።

ከሥራው የሚገባው ገንዘብም ለቤቱ በዓይን ይታይ። ከቤቱ ወጪ አንዱን፣ ለምሳሌ የአንዱን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከድረ ገጹ ሥራ ብቻ እንዲከፈል ያድርጉ። ገቢው ከደመወዝ ጋር ተቀላቅሎ ሲጠፋ ሥራው እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይታያል። የልጅ ክፍያ የሚወጣበት ሲሆን ግን አማትም ልጆችም የሥራ ሰዓቱን ያከብራሉ።

ልጆች ደንብ ይገባቸዋል፤ ግን ደንቡ የሚታይ መሆን አለበት። በር ላይ ቀይ ሻርፕ ከተሰቀለ አደጋ ካልሆነ በቀር አይንኳኳም፤ አረንጓዴው ሲሰቀል መግባት ይቻላል። የተለየ ክፍል ለሌለው ሰው (ብዙዎቻችን የለንም) ጆሮ ላይ የተደረገ ማዳመጫ ያንኑ ይሠራል። ደንቡ የሚጸናው አረንጓዴው በተባለው ሰዓት በእርግጥ ሲሰቀል ነው። «10 ሰዓት ላይ» ብለው 11 ሰዓት ካደረጉት ልጁ በማግሥቱ 9 ሰዓት ላይ ያንኳኳል፤ እውነትም አለው።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልበል። የማውቃት አንዲት ዲዛይነር ጠዋት ጠዋት ለቡና የሚጠሯትን ጎረቤቶች እምቢ ማለት አልቻለችም። በመጨረሻ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እሷ ራሷ እያፈላች ትጠራቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የሚጠራት የለም፤ ዓርብን ሁሉም ያውቀዋል።

ዋጋው ከሰዓቱ ይወጣል

አሁን ማስላት ይቻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ብቻ ስለሆኑ በቦታቸው የራስዎን ያስገቡ።

በሳምንት 25 እውነተኛ ሰዓት አገኙ እንበል፤ በወር 100 ይሆናል። ከዚህ አንድ ሦስተኛው ገደማ ማንም በማይከፍልበት ሥራ ያልቃል፦ ዋጋ ማቅረብ፣ ስልክ ማውራት፣ መማር፣ ሂሳብ መያዝ። የሚሸጠው 65 ሰዓት ነው። ለቤት 50,000 ብር ያስፈልጋል፤ ለኢንተርኔት፣ ለመሣሪያ፣ ለግብርና ለክፉ ቀን ደግሞ 15,000። ድምሩ 65,000 ብር ስለሆነ አንዱ ሰዓት 1,000 ብር ይወጣዋል። 6 ገጽ ያለው ድረ ገጽ 40 ሰዓት የሚወስድብዎት ከሆነ ዋጋው 40,000 ብር ነው። ለደንበኛው የሚነገረው ይህ የሥራው ዋጋ እንጂ የሰዓቱ ሂሳብ አይደለም። ሰዓቱ ከተነገረ «ለምን 40? 25 አይበቃም?» የሚል ክርክር ይመጣል።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር ይታያል። በ65 ሰዓት ውስጥ የሚገባው አንድ ድረ ገጽና 25 ሰዓት ነው። በዚያው ወር ሁለተኛ ድረ ገጽ ከተቀበሉ ሰዓቱ የሚመጣው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። ገበያው 40,000 ካልከፈለ ደግሞ መፍትሔው ሁለት ብቻ ነው፦ ሥራውን በ25 ሰዓት የሚያስጨርስ ዝግጅት ማድረግ፣ ወይም የሚከፍል ደንበኛ መፈለግ። ሌሊትን መፍትሔ ብሎ የያዘ ሰው ከዓመት በላይ ሲዘልቅ አላየሁም።

የቀረውን 25 ሰዓት ለወርሃዊ የጥገና ውል ይስጡት። ድረ ገጹን የሠሩለት ደንበኛ በየወሩ አነስተኛ ክፍያ ይከፍላል፤ እርስዎ ደግሞ ዎርድፕረሱንና ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን ያድሳሉ፣ ቅጂ ያስቀምጣሉ፣ እስከ 2 ሰዓት የሚደርስ የጽሑፍና የፎቶ ለውጥ ያደርጋሉ። ከ2 ሰዓት ያለፈው ለብቻው ይከፈላል። እንዲህ ዓይነት ስምንት አሥር ደንበኛ ያለው ሰው፣ ልጅ ታሞ አዲስ ሥራ ያልያዘበት ወርም ባዶ አይሆንበትም።

ዝግጅቱን ለማፋጠን የሥራውን ዓይነት ያጥብቡ። የእንግዳ ማረፊያና የአስጎብኚ ድርጅት፣ ቡና ላኪ፣ ክሊኒክ፣ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ ምግብ ቤቶችና የሂሳብ ባለሙያዎች፤ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይያዙ። የመጀመሪያው ክሊኒክ 40 ሰዓት ቢፈጅ ሦስተኛው ያን ያህል አይፈጅም፤ ጥያቄዎቹን፣ የገጾቹን አደራደርና የቀጠሮ ቅጹን አስቀድመው ያውቁታል።

ጽሑፍና ፎቶ ሳይመጣ ሥራ አይጀመርም

ድረ ገጽ የሚያዘገየው ዲዛይኑ አይደለም። የሚያዘገየው የደንበኛው ጽሑፍና ፎቶ ነው። ደንበኛው «ነገ እልካለሁ» ይላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም አሥራ አንድ የድምፅ መልእክትና ከቢዝነስ ካርድ ላይ የተነሣ የሎጎ ፎቶ ይመጣል። ፎቶዎቹም ቴሌግራም አሳንሷቸው ይደርሳሉ። ከመጀመሪያው ቀን «ፎቶዎቹን በፋይል መልክ ይላኩልኝ» ብለው እንዴት እንደሚላክ በስክሪን ፎቶ ያሳዩ፤ በፋይል ሲላክ ጥራቱ አይቀንስም።

ጽሑፍ መጻፍ ለማይሆንለት ደንበኛ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ያድርጉለት፤ ድምፁን ቀድተው ጽሑፉን እርስዎ ይጻፉት፤ ያስከፍሉትም። ደንበኛው በወር የማይጨርሰው ጽሑፍ እንዲህ በሁለት ቀን ያልቃል። በአሮጌ ሰነድ የሚመጣ ጽሑፍ ካለ ደግሞ በምን ፎንት እንደተጻፈ ይጠይቁ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። እንደገና መተየብ ካስፈለገ ሰዓት ነው፤ በዋጋው ውስጥ ይግባ።

ውሉ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ ስንት ዙር እርማት እንዳለው (ሁለት ዙር ጥሩ ነው)፣ ክፍያው መቼ መቼ እንደሚከፈል ይናገር፦ ግማሹ ሲፈረም፣ 30 በመቶው ዲዛይኑ ሲጸድቅ፣ 20 በመቶው ድረ ገጹ ወደ ደንበኛው ከመዛወሩ በፊት። የሥራው ቀን የሚቆጠረው ጽሑፍና ፎቶ ተሟልቶ ከገባበት ዕለት መሆኑ ይጻፍ። የሚወስነው ሰው አንድ ብቻ ይሁንና ስሙ ይግባ፤ በተለይ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለማኅበር ሲሠሩ ኮሚቴው ሰባት ሰው ስለሚሆን ሰባት ዓይነት ቀለም ይጠየቃል። ለመልእክት የሚመልሱት በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እንደሆነም ይጠቀስ፤ አለዚያ እሑድ ማታ የተላከ መልእክት ሰኞ ጠዋት ቅሬታ ይሆናል።

አራት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ከሆነ ውሉ ላይ ስድስት ይጻፉ። ሁለቱ ሳምንት የልጅ ጉንፋንና የመብራት ድርሻ ነው። ከአቅም በላይ ለሆነ መቋረጥም አንቀጽ ይኑረው፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ በውጭ ላሉ ደንበኞች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ ማስረዳት እንኳ አልቻሉም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ቀኑ እንደሚራዘም አስቀድሞ የተስማማ ደንበኛ ይጠብቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሚሰጥ በኢሜይል የተደረገ ስምምነት ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ፈርመው፣ አስፈርመው፣ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ።

የድረ ገጹ አድራሻ በማን ስም ይመዝገብ? በደንበኛው። ዶት ኮምም ይሁን በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚገኘው ዶት ኢቲ፣ ባለቤቱ ደንበኛው፣ የክፍያ ካርዱም የደንበኛው ይሁን፤ እርስዎ የሚያስተዳድሩበት ፈቃድ ብቻ ይያዙ። ዋሽንግተን ያለ ደንበኛ በራሱ ካርድ ሆስቲንጉን በደቂቃ ይከፍላል፤ እርስዎ ለዚያው ዶላር ባንክ አይመላለሱም። በእርስዎ ስም ከሆነ ግን ወሊድ ላይ ወይም ለቅሶ ላይ እያሉ የማደሻው ቀን ያልፍና የሰው ድርጅት ከኢንተርኔት ይጠፋል።

የዋሽንግተን ሰዓትና የእራት ሰዓት

በውጭ ያለ ደንበኛ የተሻለ ይከፍላል፤ ቤተሰብ የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ የ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ የ8 ሰዓት ልዩነት አላቸው። እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ የእኛ አይቀየርም። እዚያ ከጠዋቱ 9፡00 ቢሮ ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ነው፤ የእነሱ የሥራ ቀን ሲያልቅ እዚህ እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የእነሱ የሥራ ሰዓት የእኛ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚገቡበት፣ የቤት ሥራ የሚሠሩበት፣ እራት የሚበሉበትና የሚተኙበት ሰዓት ነው። «እንደ አመቺነቱ እንደዋወላለን» ከተባለ ማታው በሙሉ ያልቃል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ የስልክ ሰዓት ይክፈቱና በዚያ ሰዓት ልጆቹን ባለቤትዎ ወይም ሌላ ሰው ይቀበል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ በጽሑፍና በተቀረጸ ቪዲዮ ይሁን። ልዩነቱ ሊጠቅምም ይችላል፦ የቀኑን ሥራ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጨርሰው ስክሪንዎን እያሳዩ የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ቀርጸው ከላኩ፣ ደንበኛው ሲነቃ ይጠብቀዋል። እሱ አስተያየቱን በቀኑ ይጽፋል፤ እርስዎ በማግሥቱ ጠዋት ልጆች ሲሄዱ ያነቡታል። ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ሥራው ሌት ተቀን ይሄዳል።

ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት አላት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። እስራኤል በበጋዋ ከእኛ ጋር እኩል፣ በክረምቷ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ ስቶክሆልምም ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በላይ አትርቅም። ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው እነዚህ ደንበኞች ይመቻሉ፤ ጠዋት ተነጋግሮ ከሰዓት በፊት መጨረስ ይቻላል። በሳውዲና በእስራኤል ሥራ የሚጀመረው እሑድ መሆኑን ግን አይርሱ፤ እሑድን ለቤተሰብ የያዘ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ይንገራቸው።

ቀጠሮ ሲጽፉ ሁለቱንም ሰዓትና ሁለቱንም ቀን ይጻፉ፦ «ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ በኢትዮጵያ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ በዋሽንግተን ኦክቶበር 14 ከጠዋቱ 9፡00»። «3 ሰዓት ላይ» ብቻ ተብሎ የተያዘ ቀጠሮ በውጭ ላለ ኢትዮጵያዊ ሁለት ትርጉም አለው።

ገንዘቡ፣ ፈቃዱ

አገር ውስጥ የባንክ ዝውውርና ቴሌብር በቂ ናቸው፤ ደንበኛው በድረ ገጹ ላይ ክፍያ መቀበል ከፈለገ እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ መክፈያ መንገዶች አሉ። ከውጭ ለሚመጣ ገንዘብ ፔይፓልም ስትራይፕም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባለሙያ መቀበያ አይሆኑም፤ መንገዱ የባንክ ዝውውር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን አድርጓል፤ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍቱና ከሂሳቡ የውጭ አገልግሎት እንዲከፍሉም ፈቅዷል። ባንክዎ ሄደው የትኛው ሂሳብ እንደሚመለከትዎ ይጠይቁ፤ ውልና ደረሰኝ ይዘው ይሂዱ።

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይቀበልልኝና ይላክልኝ» የሚለውን መንገድ አልመክርም። ገንዘቡ በእሱ ስም ሲገባ በአገሩ የግብር ጥያቄ የሚመጣበት እሱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሠሩበት ማስረጃ አይኖርዎትም። በባንክ የገባ ገንዘብ ነገ ለቤት ብድርም ለቪዛም የሚታይ ታሪክ ነው።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ያውጡ፤ ድርጅቶች ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይከፍሉም። ከመኖሪያ ቤት ስለ መሥራት ፈቃድ ሰጪውን ቢሮ አስቀድመው ይጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ሐምሌ ልጆች ቤት የሚውሉበት ወር ስለሆነ እድሳቱን ጥቅምት ላይ ቢያደርጉት ይቀላል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ለግብር የሚሆነውን በዕለቱ ወደ ሌላ ሂሳብ ያዛውሩ፤ የቤት ገንዘብ ካልተቀላቀለበት በግብር ወር አይጨነቁም።

መብራትና ኢንተርኔት

ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ቀድሞ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራና ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ለራውተር ብቻ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ለሰዓታት ያቆየዋል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያንብቡ። ከቤቱ መስመር ሌላ የሁለተኛ ኩባንያ ሲም ካርድ ይኑርዎት፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አንዱ ሲቆም በሌላው መቀጠል ይቻላል። የሥራ ቅጂ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ በላፕቶፑ፣ በውጭ ዲስክና በክላውድ። ዲስኩ ልጅ የማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ ይሁን።

ቀድሞ የተዘጋጀ መነሻ

ሰዓት የሚያተርፈው ትልቁ ነገር የራስዎ መነሻ ድረ ገጽ ነው። አንዴ በጥንቃቄ ይሥሩት፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከእሱ ይጀምሩ። ለአማርኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በመስመርና በመስመር መካከል ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ክፍተት ይስጡት፤ የፊደሉ ቁመት 1.7 እጥፍ አካባቢ ጥሩ ይነበባል። ፊደሉን አያዝምሙት፤ የእኛ ጽሕፈት ዘማማ የለውም፣ ኮምፒውተሩ በግድ ሲያዘመው ያስጠላል። ፎቶ በዌብፒ ይሁን፤ ዋናው ገጽ በርካሽ ስልክና በደካማ መስመር ይሞከር። ጎግል ጥሩ የሚለው የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው።

ድረ ገጽ ዓርብ አይከፈትም። ማክሰኞ ጠዋት ይክፈቱት፤ ስሕተት ቢወጣ ሦስት የሥራ ቀን አለ፣ ቅዳሜና እሑድ የልጆቹ ይሆናል።

ብቻዎን አይሁኑ

በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ተቀጣሪ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር አላት። ለራሷ የምትሠራ እናት ይህን የሚሰጣት የለም። ራሷ ማዘጋጀት አለባት፦ ከእያንዳንዱ ክፍያ አሥር በመቶ ለዚሁ በተለየ ሂሳብ፣ ለደንበኞች ደግሞ ከሁለት ወር በፊት የሚላክ ደብዳቤ። አባትም ሕፃን ሲወለድ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት አዲስ ሥራ ባይቀበል ይመረጣል።

ከገንዘቡ በላይ ግን ሰው ያስፈልጋል። ገበሬው አጨዳ ሲደርስ ብቻውን አይገባም፤ ወንፈል ይጠራል፣ ተራው ሲደርስ እሱም ይሄዳል። ሁለት ዲዛይነሮችም እንዲሁ መስማማት ይችላሉ። አንዷ ስትወልድ ወይም ሐዘን ላይ ስትቀመጥ ሌላዋ የጥገና ደንበኞቿን ትይዛለች፤ አስቸኳይ ብልሽት ካለ ታስተካክላለች፤ ደንበኛ አትወስድም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጽሑፍ ይሁን። የእያንዳንዱ ደንበኛ መግቢያ እንደ ቢትዋርደን ባለ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ይሁንና በአስፈላጊው ቀን ብቻ ይጋራ፤ ደንበኛውም ይህ ሰው እንዳለ ከውሉ ላይ ይወቅ። ብዙ ደንበኛ ይህን ሲያነብ ይደሰታል፤ ድረ ገጹ በአንድ ሰው ጤና ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑን ያያል።

እንዲህ የሚስማሙት ሰው እስካሁን ከሌለዎት፣ አዲስ ደንበኛ ከመፈለግዎ በፊት እሱን ይፈልጉ። አብረው የተማሩት፣ በቴሌግራም ጥያቄ ሲጠይቁ በትዕግሥት የመለሰልዎት፣ ወይም በሌላ ከተማ ያለ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ይደውሉለት፤ የእሱንም ቤት ሰዓት ይጠይቁት።